ማንም ዞር ብሎ ያላያት ጊታር፦ ፒቪ ቲ-60ን እንዴት መርጬ እንደገዛኋት

ፒቪ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጊታር አይደለም። ሠርግ አዳራሽ ጥግ ላይ የቆመ ጥቁር ስፒከር ነው። ወይ ደግሞ ባንድ መለማመጃ ክፍል ውስጥ አልሞት ብሎ የከረመ አሮጌ አምፕ። ይኸው ኩባንያ በ1978 ጥሩ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠርቶ ነበር ስላቸው፣ ሙዚቀኛ ጓደኞቼ ሳይቀሩ "እየቀለድክ ነው?" ይሉኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔም የደረስኩባት ኪሴ አስገድዶኝ ነው። አሮጌ፣ አሜሪካ የተሠራ ጊታር ፈልጌ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ አካባቢ የ70ዎቹ ፌንደር ስትራቶካስተር ያለው ሰው ከ2,000 ዶላር በታች ስሙንም አያነሳልህም። የሚገርመው፣ የዚያ ዘመን ፌንደሮች በጥራታቸው የሚመሰገኑ አይደሉም። ኩባንያው ሲቢኤስ በሚባለው የቴሌቪዥን ድርጅት እጅ የነበረበት ጊዜ ነው፤ አንገትና አካሉ በደንብ ያልገጠመ፣ ክብደቱ የተለያየ ዕቃ ብዙ ወጥቷል። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የምከፍለው ለእንጨቱ ነው ወይስ ለስሙ?

ሌላም ችግር ነበረብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንጫወትበት የሐበሻ ሬስቶራንት መብራቱና ፍሪጁ ተባብረው ጊታር ያስጮሃሉ። ለትዝታና ለአምባሰል የምወደው ድምፅ ደግሞ የሲንግል ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ነው፤ ጥርት ያለ፣ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ የምትሰማበት። ሲንግል ኮይል አንድ ጥቅል ሽቦ ብቻ ስለሆነ የኤሌክትሪክ መስመሩን "ዝዝዝ" ይለቅማል። እዚህ አገር 60 ኸርዝ ነው፣ አዲስ አበባ 50፤ ጫጫታው ግን ያው ነው። ሃምባከር ሁለት ጥቅል አለው። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሠሩ ጫጫታውን ያጠፉታል። ድምፁ ግን ይወፍራል። እኔ የፈለግሁት ሁለቱንም በአንድ ጊታር ላይ ነበር።

ፍለጋው ቲ-60 ላይ አደረሰኝ።

ታሪኳን ሳነብ ይበልጥ ወደድኳት። ሃርትሊ ፒቪ ኩባንያውን በ1965 ሜሪዲያን፣ ሚሲሲፒ ውስጥ መሠረተ። ጊታር ለመሥራት ሲያስብ ጥያቄው ጥሩ ጊታርን እንዴት በርካሽ ማምረት ይቻላል የሚል ነበር። መልሱን ያገኘው ከጠመንጃ ሠሪዎች ነው። የጠመንጃ ሰደፍ የሚቀርጹ ማሽኖች እንጨትን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ይቆርጣሉ። ለጊታርስ ለምን አይሆንም? ቺፕ ቶድ ከሚባል ባለሙያ ጋር ሆነው በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን አስገቡና ቲ-60ን እና ቤዟን ቲ-40ን አወጡ። ዋጋዋ ከነኬዟ 350 ዶላር ገደማ ነበር።

በጊዜው "ማሽን የቀረጸው ጊታር ነፍስ የለውም" ያለ ብዙ ነው። ዛሬ እኮ ያንን ዘዴ የማይጠቀም ትልቅ ጊታር ፋብሪካ ማግኘት ይከብዳል። እዚሁ ሜሪላንድ ስቲቨንስቪል ያለው ፖል ሪድ ስሚዝ፣ ያ ሁሉ ዋጋ የሚከፈልበት፣ እንጨቱን በኮምፒዩተር በሚታዘዝ ማሽን ነው የሚያስቆርጠው። ያኔ ያሳፈረው ነገር ዛሬ ማንንም አያሳፍርም።

የገዛኋት ከአንድ ሸምገል ካለ አሜሪካዊ ነው። ቤዝመንቱ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጣለች። ማስታወቂያው ላይ "ቶኑ ተበላሽቷል" ብሎ ጽፏል። ይህን ሳነብ ነው ልቤ የዘለለው።

ምክንያቱም የቲ-60 ቶን፣ ማለትም ድምፁን የሚያጠራና የሚያደበዝዘው ቁልፍ፣ እንደ ሌላው ጊታር አይደለም። የኤሌክትሪክ ዑደቱን የነደፈው ኦርቪል "ሬድ" ሮድስ የሚባል የፔዳል ስቲል (አስተኝተው በፔዳል የሚጫወቱት ጊታር) ተጫዋች ነው። ቶኑን 10 ላይ ስታደርገው ፒክአፑ በአንድ ጥቅል ብቻ ይሠራል፤ ማለትም ሲንግል ኮይል ነው። ወደ 7 ስትመልሰው ሁለተኛው ጥቅል ቀስ እያለ ይገባል። 7 አካባቢ ሙሉ ሃምባከር ይሆናል። ከዚያ በታች እንደማንኛውም ቶን ቀጭኑን ድምፅ ይቀንሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ድምፁ መሀል ላይ ሲወፍርና ሲጎላ "ተበላሸ" ይላል። ሁለቱም ፒክአፖች የየራሳቸው ቮሊዩምና ቶን ስላላቸው፣ ፊተኛውን ሃምባከር፣ ኋለኛውን ሲንግል ማድረግ ትችላለህ። በ1978፣ በዚያ ዋጋ!

ሄጄ ሞከርኳት። ቶኑ ሰላም ነው። ለሰውዬው አስረዳሁት። ሳቀና "እኔ አርባ ዓመት ሙሉ እንደተበላሸ ነው የማውቀው" አለኝ። ዋጋውን ግን አልጨመረም፤ 450 ዶላር ከፈልኩ። እኔ ስፈልግ በሰነበትኩበት ጊዜ ያየኋቸው ሌሎቹ ከ500 እስከ 900 ይጠየቅባቸው ነበር።

ከመክፈሌ በፊት ግን ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ አንገቷ። የቲ-60 አንገት ከሁለት የሜፕል እንጨት የተጣበቀ ነው። የእንጨቶቹ ጅማት በተቃራኒ ስለተቀመጠ አንዱ ልጣመም ሲል ሌላው ይይዘዋል። ከጫፏ በኩል በአንድ ዓይኔ አነጣጥሬ አየሁ፤ ቀጥ ያለች ናት። ቀጥሎ አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበትን ቦታ። ወረቀት አያስገባም። ማሽን ይህን ይመስላል። ከዚያ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) አየሁ፣ 23 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ላይ ክሩ የቦረቦረው ምልክት አለ። ለዚህ ነው ዋጋ የተከራከርኩት እንጂ ለቶኑ አይደለም። ሜፕሉ ከላይ ቫርኒሽ ስላለው ፍሬት ሙሉ በሙሉ ማስቀየር ቢመጣ ሥራው ይከብዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የእኔዎቹ በማስተካከል ብቻ የሚድኑ ነበሩ። በመጨረሻ ካቻቢቴ ተውሼ የፊት ፕላስቲኩን ከፈትኩት። ሽቦዎቹ ያልተነካኩ፣ ብየዳው የፋብሪካ። አሮጌ ጊታር ስትገዙ ሳትከፍቱ አትግዙ። ሻጩ እንቢ ካለ ደህና ዋል በሉት።

ቤት ካመጣኋት በኋላ ብዙ ሥራ አልጠየቀችም። ቮሊዩሞቹ ሲዞሩ ይንኮሻኮሹ ስለነበር የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ነፍቼ ደጋግሜ አዞርኳቸው፤ ዝም አሉ። ክሮቹ ከፍ ያሉ ነበሩ። በሌላ ጊታር ቢሆን አንገቱን ነቅዬ ከሥሩ ስስ ነገር እጎዘጉዝ ነበር። እዚህ ግን የአንገቱን ዘንበል የሚያስተካክል ብሎን ከኋላ አላት። የአንገቱን ብሎኖች ትንሽ ማላላት፣ ያቺን ማዞር፣ መልሶ ማጥበቅ፤ አለቀ። ትረስ ሮዱን፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ማቅኛ ብረት፣ ሩብ ዙር ብቻ ነካሁት። የፍሬቱን ሥራ ለባለሙያ ሰጠሁና 150 ዶላር ወጣ። ስለዚህ ሙሉ ወጪዬ 600 ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ይዣት ስሄድ ኪቦርዲስታችን አንስቷት "አንተ! ይሄን በር ከየት ነቅለህ ነው የመጣኸው?" አለኝ። እውነቱን ነው። አካሏ አሽ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሚዛን ላይ 4.6 ኪሎ ትመጣለች። ስትራቶካስተር ወደ 3.5 ነው። ሰፊ ማንገቻ ያስፈልጋል፤ እስከ ሌሊት ለሚጫወት ሰው ትከሻ ቀልድ አይደለም። መልኳም ያው ነው፤ ማንም ለመልኳ አይገዛትም። ሙሉ ሃምባከር ስትሆን ድምፁ ለእኔ ትንሽ ይደፈናል። የፌዝ (phase) ማብሪያዋ፣ የአንዱን ፒክአፕ ሞገድ የሚገለብጠው፣ ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ በአፍንጫ የሚዘፍን ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ለጭፈራ ዘፈን አጃቢ ምት አንዳንዴ ይመቸኛል፣ ከዚያ በተረፈ አልነካውም።

ግን ለመጣሁበት ጉዳይ አላሳፈረችኝም። ለአምባሰል 10 ላይ አደርጋታለሁ። ፍሪጁ ማጉረምረም ሲጀምር 8 አካባቢ አወርዳታለሁ፤ ጫጫታው ይቀንሳል፣ ጥራቱ ብዙም አይሄድም። ያቺ በ10 እና በ7 መሀል ያለች ቦታ ሌላ ጊታር ላይ አግኝቻት አላውቅም።

አትርፌ እሸጣታለሁ የሚል ካለ ግን አልመክረውም። ዋጋዋ ከፍ እያለ ቢሆንም የሰብሳቢ ዕቃ አይደለችም። የምትገዛ ለሚጫወትባት ነው። ኬዟ የራሷ ቅርጽ ያለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱም አብሮ ካለ ጠይቁ። መቆለፊያዎቹ ብዙ ጊዜ ተሰብረው ነው የሚገኙት። የእኔም አንዱ የለም፣ በቀበቶ ነው የማስረው።

ቤዚስታችን አሁን ቲ-40 ካልተገኘልኝ ብሏል። አንድ አግኝተንለታል፣ ቨርጂኒያ ነው። እሷ ከእኔዋም ትከብዳለች ብዬ ነግሬዋለሁ፤ አልሰማኝም።