ጥፋቱ የብሎን ነው ተባለ

ገላን አካባቢ ያለው ፋብሪካችን ለእንፋሎት ቦይለሩ አዲስ በርነር (ነዳጁን የሚያነደው መሣሪያ) ገዛ። የናፍጣ ነው፣ ባለሁለት ደረጃ። ሎው ፋየር (ዝቅተኛው እሳት) ላይ ሰላም ነው። ሃይ ፋየር (ከፍተኛው እሳት) ሲገባ ግን ቦይለሩ «ሁሁሁም» ማለት ይጀምራል። ጭስ ማውጫው ይንቀጠቀጣል፤ የቢሮው መስኮት ይርገበገባል። አንዳንዴ ፎቶሴሉ (እሳቱን የሚጠብቀው ዓይን) እሳቱ ጠፋ ብሎ ጭራሽ ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ምርት ክፍል «እንፋሎት የታለ?» ይላል፤ አንዱ ችኩል ደግሞ ሪሴት ላይ ይተኛበታል። (ሪሴት አትደጋግሙ። ያልተቃጠለ ናፍጣ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚለኮስ ቀን ወሬው በሬዲዮ ነው የሚሰማው።)

ሻጩ ባለሙያ ላከ። ታብሌት የያዘ፣ ጫማው ንጹሕ የሆነ ሰው ነው። የንዝረት መለኪያውን ቦይለሩ እግር ላይ ለጠፈ፣ ቁጥሩን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «የመሠረቱ ብሎን ላልቷል» አለ። ብሎኖቹ ታሰሩ። ሃይ ፋየር። ሁሁሁም። «ጊዜ ስጡት፣ ይረጋጋል» ብሎ ምሳ ወጣ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ጋዝ ተርባይን ማቃጠያ ነበር። ገላን ውስጥ ጋዝ ተርባይን የለም፤ እንጀራዬ ቦይለር ሆነ። ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። የተርባይን ሰዎች ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንዳይበዛ ነዳጁን ያሳንሱና ከብዙ አየር ጋር አስቀድመው ቀላቅለው ያቃጥላሉ። እንዲህ ያለ እሳት ነገረኛ ነው። እዚያው ማቃጠያ ውስጥ ቅርፁ አንዴ እንደ ላቲኑ ቪ፣ አንዴ እንደ ኤም ይሆናል። በአንዱ ቅርፅ ጸጥ ያለው በሌላው ሊጮህ ይችላል። ጩኸቱ ከበረታ ብረቱን ይሰነጥቃል።

ጋሼ የምንላቸው አንጋፋው የቦይለር ኦፕሬተራችን በመመልከቻው መስታወት እያዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ የብሎን ነገር አይደለም። የሚጮኸው እሳቱ ነው።»

«ታዲያ ማን ብሎን አለ? እሳቱ አፉን ለቋል። ና እየው።»

አየሁት። እውነትም ከዲፊውዘሩ (አፉ ላይ አየሩን ከሚበትነው ሳህን) ተነቅሎ ወደፊት ሄዶ ነው የሚነደው። እዚያው ቆሜ ትምህርቴን ማውጣት ጀመርኩ። ሎርድ ሬይሊ የሚባል እንግሊዛዊ በ1878 የጻፈውን ነገርኳቸው። ሙቀቱ የሚጨመረው ግፊቱ ከፍ ባለበት ቅጽበት ከሆነ ድምፁን ያበረታዋል፤ ግፊቱ ዝቅ ባለበት ከሆነ ያዳክመዋል። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ጊዜውን ካወቀበት ልጁ ከፍ ከፍ እንደሚለው ማለት ነው።

«መቼ ነው ያልከኝ?»

«1878።»

«በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

«ታዲያ ለዚህ ሰውዬ እስካሁን አልደረሰውም?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ጋሼ ግን አልሳቁም፤ መፍቻ እየፈለጉ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገላን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አየር መጨመር ግድ ነው። በርነሩን ያስነሱት ሰዎች ዳምፐሩን (የአየር መግቢያውን ክዳን) በደንብ ከፍተውታል፤ እሱ ልክ ነው። ያ ሁሉ አየር የሚያልፍበትን የዲፊውዘር ክፍተት ግን ማኑዋሉ ላይ ባለው ቁጥር ትተውታል። አየሩ ፈጠነ፣ እሳቱ ሸሸ። እሳቱ ሲርቅ ደግሞ ናፍጣው ከኖዝሉ (ከሚረጨው ቀዳዳ) ወጥቶ እስኪነድ የሚወስደው ጊዜ ተቀየረ። ያ ጊዜ ከምድጃው የራሱ ዜማ ጋር ገጠመ።

በርነሩን አጥፍተን፣ ኃይሉን ቆልፈን፣ ክፍተቱን ጥቂት ሚሊሜትር አሰፋነው። አስነሳነው። ሃይ ፋየር ገባ። እሳቱ አጠር፣ ሰፋ ብሎ አፉ ላይ ተቀመጠ። የጭሱን ጋዝ ለካሁት፤ ደህና ነው። መስኮቱም ዝም አለ።

ባለሙያው ከምሳ ተመለሰ። ጆሮውን ጣል አደረገና ብሎኑን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

«አየህ? አላልኩህም? ተረጋጋ።»

አፌን ልከፍት ስል ጋሼ ቀደሙኝ። «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ። እግዜር ይስጥልን።»

ሰውዬው ሪፖርቱን እዚያው ታብሌቱ ላይ ጻፈ፦ ምክንያቱ የመሠረት ብሎን መላላት፣ መፍትሔው ማጥበቅ። የጉዞና የሙያ ክፍያም አብሮ መጣ። ሥራ አስኪያጁ አመሰገኑት። እኔ ግን ማታ ሰርቪስ ላይ ሆኜም ደሜ እየፈላ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉ?»

«ዋስትናው ስንት ወር ቀረው?»

«አሥር ወር።»

«በርነሩን ነካነው ብትል ዋስትናው አለ?»

ዝም አልኩ።

«እንግዲህ ብሎኑ ነው» አሉና አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ጣል አድርገው ተኙ።

ከዚያ ወዲህ በጥገና ዕቅዳችን ላይ «የቦይለር መሠረት ብሎን ማጥበቅ» የሚል መስመር ገብቷል። በየወሩ ይጠበቃል። ፈራሚው እኔ ነኝ።