ከዋሽንግተን ወደ ላሊበላ፦ የልጅ ልጅ ሲጠበቅ የጉዞ ኢንሹራንስ ነገር

ገናን በላሊበላ ለማክበር ከዋሽንግተን አካባቢ የምንነሳ ሰዎች ትኬት የምንቆርጠው ከወራት በፊት ነው። ታኅሣሥ 29 ካህናቱ በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሲያዜሙ ለመገኘት ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፤ አልጋም ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም። ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ፣ ሆቴሉ፣ መኪናው፦ ገንዘቡ ገና እግራችን ከቤት ሳይወጣ ተከፍሎ ያልቃል። ከዚያ ልጃችን ወይም ምራታችን ማርገዟን ታበስረናለች። አያት የሚሆን ሰው በዚያ ሰሞን አራስ ቤት እንጂ ሌላ ቦታ መሆን አይፈልግም፣ ትክክልም ነው። የቀረው ጥያቄ የተከፈለው ገንዘብ ነው።

የተለመደው የጉዞ ኢንሹራንስ የሚከፍለው በውሉ ላይ ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው። በሰላም መውለድ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ውስጥ የለም፤ ቀኑ የሚጠበቅ ጤናማ ወሊድ በኩባንያዎቹ ዓይን ድንገተኛ ነገር አይደለምና። ካሳ የሚገኘው እርግዝናው ችግር ሲገጥመው ነው፦ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት፣ የእንግዴ ልጅ ያለቦታው መቀመጥ፣ በጥቅሉ ሐኪም መርምሮ በጽሑፍ የሚያረጋግጠው ሕመም። ተጓዦቹ እኛ ብንሆንም ልጅ፣ ምራትና የልጅ ልጅ በአብዛኞቹ ውሎች «የቤተሰብ አባል» ተብለው ይቆጠራሉ። ጥቂት ውሎች ደግሞ የቤተሰብ አባል ሲወልድ መገኘትን ራሱን የቻለ የመሰረዣ ምክንያት አድርገው ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው ውል ተፈልጎ መገዛት አለበት። እርግዝናው ከግዢው በፊት የታወቀ ከሆነ ግን ይሠራ እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በኢሜይል መያዝ ያስፈልጋል፤ በስልክ «አዎ» መባሉ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ቀኑን ማስላት ከኢንሹራንሱ ይቀድማል። ሐኪሙ የሚሰጠው የመውለጃ ቀን 40ኛው ሳምንት የሚሞላበት ነው፤ ሕፃን ግን ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው በየትኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ቀኗ ጃንዋሪ 25 ከሆነ 37ኛው ሳምንት የሚሞላው ጃንዋሪ 4 ነው፤ 42ኛው ፌብሩዋሪ 8። ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል «ከመውለዷ በፊት ሄደን እንመለሳለን» የሚለው ሐሳብ አያስኬድም። ለእኛ የሚሻለው ጉዞውን ከክርስትናው በኋላ ማድረግ ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ ልጁ ከተወለደ በኋላ ያ ቀን ቁርጥ ነው፣ እንደ ምጥ አይገፋም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ለጉዞው የመጀመሪያውን ክፍያ የከፈለበትን ቀን ባለማስላቱ ነው። ኢንሹራንስ ሰጪዎች ውሉ ከመገዛቱ በፊት የነበሩትን ከ60 እስከ 180 ቀናት ወደ ኋላ ሄደው ይመረምራሉ። በዚያ ጊዜ የታየ ወይም የታከመ ሕመም «ነባር» ይባልና አይከፈልበትም። ይህ የተጓዡን ብቻ ሳይሆን ቤት የቀረችውን ልጅም ይመለከታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለደም ግፊት መድኃኒት ተጀምሮላት ከነበረ በዚያው ምክንያት የሚቀርብ ጥያቄ ውድቅ ይሆናል። መውጫው ውሉን ከመጀመሪያው ክፍያ አንሥቶ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መግዛትና ተመላሽ የማይሆነውን ወጪ በሙሉ ማስመዝገብ ነው፤ ያኔ ብዙዎቹ የነባር ሕመም ገደቡን ያነሣሉ። የመጀመሪያ ክፍያ የሚባለው ትኬቱ ላይሆን እንደሚችል እናስታውስ። ለላሊበላው ሆቴል የላክነው ቀብድ ከቀደመ ቆጠራው ከዚያ ይጀምራል።

እርግዝናው ከታወቀ በኋላ ለሚገዛ ሰው የሚያዋጣው «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው። ይህም ከመጀመሪያው ክፍያ ብዙም ሳይቆይ መገዛት አለበት፤ ስረዛውም ከመነሻው ሰዓት ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ መደረግ አለበት። የሚመልሰው ከ50 እስከ 75 በመቶ ነው። ለሁለት ሰው 6,000 ዶላር የወጣበትን ጉዞ እንውሰድ። አረቦኑ፣ ማለትም የኢንሹራንሱ ዋጋ፣ 6 በመቶ ቢሆን 360 ዶላር ነው፤ ተጨማሪው ሽፋን ዋጋውን በግማሽ ቢያሳድገው 540 ይሆናል። ስንሰርዝ 75 በመቶ፣ ማለትም 4,500 ዶላር ይመለሳል። ከኪሳችን የሚቀረው 1,500ውና አረቦኑ፣ በድምሩ 2,040 ዶላር ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት አየር መንገዱ ቀን ለመቀየር ስንት እንደሚያስከፍል እንጠይቅ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ቅጣት ቀን የሚቀየርበትን የትኬት ዓይነት መርጦ ሆቴሉን በነፃ ከሚሰርዝ መያዝ ከዚህ ሽፋን ይረክሳል። አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት በረራው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ከተቆረጠ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰረዛል ወይም ሳይከፈልበት ተይዞ ይቆያል። ከኤጀንሲ የተገዛው እንደ ኤጀንሲው ደንብ ነው።

ላሊበላ ሳለን ምጡ ቢመጣስ? ያኔ የመሰረዝ ሽፋኑ አብቅቷል፤ የሚሠራው የጉዞ መቋረጥ ሽፋን ነው፣ እሱም ለተዘረዘሩት ምክንያቶች ብቻ። መመለሻውም ሩቅ ነው፦ የአገር ውስጥ በረራ እስኪገኝ መጠበቅ፣ አዲስ አበባ ላይ የምሽቱን በረራ መያዝ፣ ከዚያ ውቅያኖስ ማቋረጥ። ከአንድ ቀን በታች ቤት መድረስ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭትም አለ። ውሉ ሲገዛ የታወቀ ነገር ስለሆነ በእሱ ምክንያት መንገድ ቢዘጋ የተለመደው ኢንሹራንስ አይከፍልም። 65 ዓመት የሞላን ሰዎች ደግሞ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ በጥቅሉ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሕክምናን እንደማይሸፍን አውቀን፣ ጉዞው ቢሰረዝም ባይሰረዝም የሕክምናና ሕመምተኛን የማጓጓዝ ሽፋን ያለውን ውል እንምረጥ።

የካሳ ጥያቄ የሚወድቀው በወረቀት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሐኪሙ ይመርምራት፣ ከዚያ አየር መንገዱና ሆቴሉ ይሰረዙ፣ ወዲያው ኢንሹራንሱ ይነገረው። በረራው ካለፈ በኋላ የሚሰርዝ ሰው «ሳይቀርብ የቀረ» ይባላል፤ ትኬቱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል፣ ኢንሹራንሱም በመዘግየቱ የጨመረውን ቅጣት አይከፍልም። ከአየር መንገዱና ከሆቴሉ ምን ያህል እንደመለሱና ምን ያህል እንዳስቀሩ በጽሑፍ እንቀበል፤ ካሳው የሚታሰበው በልዩነቱ ላይ ነው።

የእኛ ሰው ሁለት ቦታ ይያዛል። አንደኛው የአዲስ አበባ ዘመድ በብር በእጁ የከፈለው ሆቴልና መኪና ነው። ደረሰኙ በተጓዡ ስም ተጽፎ ማኅተም ካላረፈበት፣ ገንዘቡን የላክንበት የባንክ ወይም የሐዋላ ወረቀትም ከሌለ፣ ለኢንሹራንሱ ያ ክፍያ እንዳልተከፈለ ነው። ሁለተኛው ስም ነው። ልጅ የምትጠራው በአባቷ ስለሆነ እናት በፓስፖርቷ ላይ ያለው ስም ከልጇ ጋር አይገናኝም፣ የኢንሹራንሱ መርማሪም «ልጅዎ መሆኗን ያረጋግጡ» ይላል። የእናት ስም የተጻፈበት የልደት ምስክር ወረቀት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ እሱ ከሌለ የወላጆች ስም ያለበት የኢሚግሬሽን ሰነድ ኮፒ፣ ትኬት በተቆረጠበት ሰሞን ከኢንሹራንሱ ውል ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ምጥ በያዘበት ሌሊት ሰነድ ፍለጋ የሚገባበት ጊዜ የለም።