ሺህ ማይል ለልምምድ ጨዋታ

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሳን፤ እኔና የ15 ዓመት ልጄ። መጋቢት 2025 አጋማሽ ነበር፤ እዚህ የምጠራቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሜሪላንድን ብርዱ አልለቀቃትም። የምንሄደው ፍሎሪዳ፣ ዌስት ፓልም ቢች ነው። ሺህ ማይል ገደማ ይሆናል፤ መንገዱ ግን ቀላል ነው። አይ-95 አውራ ጎዳና ላይ ከወጡ በኋላ ወደ ደቡብ መንዳት ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበር ባለቤቴ የሽሮ ፍትፍት፣ ዳቦና ቆሎ ቋጥራልናለች።

"ለአንድ ጨዋታ ይሄን ሁሉ መንገድ?" አለች በር ላይ ቆማ።

"እማዬ፣ ጨዋታ አይደለም፤ ልምምድ ነው" አላት ልጄ።

ጭራሽ ግራ ገባት።

ቤዝቦል የማይከታተል አንባቢም ግራ ሊገባው ስለሚችል ትንሽ ላስረዳ። የአሜሪካ ትልቁ ሊግ 30 ቡድኖች አሉት። ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ 15ቱ ፍሎሪዳ፣ 15ቱ አሪዞና ወርደው በሙቀት ይለማመዳሉ። እርስ በርስም ይጫወታሉ፤ ውጤቱ ግን አይቆጠርም። 162 ጨዋታ ያለው ዋናው ውድድር የሚጀምረው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው። ታዲያ ደጋፊው ለምን ይሄዳል? የኛን ዓይነት ቡድን ለሚደግፍ ሰው መልሱ ቀላል ነው። "ይመጣል" እየተባለ ዓመታት የጠበቀውን ነገር በዓይኑ ለማየት ነው።

የኛ ቡድን የዋሽንግተን ናሽናልስ ነው። በ2005 ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን መጣ። እኔ ያኔም ታክሲ እነዳ ነበር፤ አሁንም እነዳለሁ። ቤዝቦልን ያስተማሩኝ ተሳፋሪዎቼ ናቸው። በ2008 አዲሱ ስታዲየም ሲከፈት ከጨዋታ የሚወጡትን ሰዎች አመላልስ ነበር። ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ሲከራከሩ እሰማለሁ። ያ ዓመት 102 ጊዜ የተሸነፉበት ነው፤ በቀጣዩ ደግሞ 103። ሰው በዚህ ሁሉ ሽንፈት መሃል ስለመጪው ዓመት እንዲህ በፍቅር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔም ተሳብኩ። ልጄ ሲወለድ ወረሰው።

ልጄ ገና ሕፃን ሳለ ዋንጫ አየ። በ2019 ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፈው ሰው ሁሉ እርም ካላቸው በኋላ ተነስተው እስከ ሰባት ጨዋታ በሚሄደው ፍጻሜ ሂውስተን አስትሮስን በሰባተኛው አሸነፉ። ጥቅምት 30 ሌሊት ነበር። የኛው ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ ነጥብ ከሚያስቆጥረው ከሜዳው ጫፍ የቀኝ ምሰሶ ጋር ስትጋጭ ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። በማግስቱ ትምህርት ቤት እንቅልፍ እያዳፋው ነው የሄደው።

ከዚያ ቡድኑ መፍረስ ጀመረ። ሐምሌ 2021 ኮከቦቹ ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ። ነሐሴ 2 ቀን 2022 ደግሞ ሁዋን ሶቶ። ሶቶ የ15 ዓመት፣ 440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈርምም ስላለ ለሳን ዲዬጎ ሰጡት። በምትኩ ብዙ ወጣቶች መጡ። መልሶ ግንባታ የሚሉት ይሄ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ላይ መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ አይወርድም፤ እንዲያውም ብዙ የተሸነፈ ቡድን ምርጥ ታዳጊዎችን ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ ኮከቦችህን ትሸጣለህ፣ ትሸነፋለህ፣ ልጆች ትሰበስባለህ፣ ትጠብቃለህ። እኛም ጠበቅን። በ2022 107 ሽንፈት። በ2023 91። በ2024 ደግሞ 91።

ሶቶ በሄደ ቀን ልጄ 22 ቁጥር ማሊያውን አጥፎ ቁምሳጥኑ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሲለብሰው አላየሁም።

ጆርጂያ ውስጥ፣ ሳቫና ልንደርስ ስንል የኋላ ጎማ ፈነዳ። ትርፉም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆምን። መኪኖች አጠገባችን ሲያልፉ የኛ ትነቃነቃለች። ልጄ ቆሎ እየቆረጠመ የወጣቶቹን ስም ከነዕድሜያቸው ዘረዘረልኝ። ያን ቀን ሳቫና አደርን።

አርብ ከሰዓት ደረስን። የዌስት ፓልም ቢቹ ስታዲየም በ2017 ነው የተከፈተው፤ ቦታው ቀድሞ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። የሚጋሩት ሁለት ቡድኖች ናቸው። ናሽናልስና አስትሮስ! በ2019 ዋንጫ የተናነቁት ሁለቱ፣ በየዓመቱ አንድ ግቢ ውስጥ ይከርማሉ። ከዋናው ሜዳ ውጭ ብዙ የልምምድ ሜዳዎች አሉ። አጥሩን ተደግፈህ ተጫዋቹን ከጥቂት ሜትር ርቀት ታየዋለህ። ዋሽንግተን ውስጥ እንዲህ የሚያስጠጋህ የለም።

ጄምስ ዉድ ኳስ ሲመታ ያየነው እዚያ ነው። በሶቶ ምትክ ከመጡት አንዱ ነው። የተወለደው ሮክቪል፣ ከቤታችን ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ይሆናል። ሲመታ ድምፁ ከሌሎቹ ይለያል፤ ደረቅ ግንድ በመጥረቢያ ሲፈለጥ ያለውን ድምፅ ይመስላል። ሰው ወሬውን አቋርጦ ዞረ። ልጄ ምንም አላለም። እጁን አጥሩ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ።

ቅዳሜ ጨዋታው ላይ የተቀመጥንበት ቦታ ከጨዋታው በላይ ጉባኤ ነበር። ከፊታችን አንዲት ሴት እያንዳንዷን ውርወራ በእርሳስ ደብተር ላይ ትመዘግባለች። አጠገቧ ከአርሊንግተን የመጣ ወጣት። ከኋላችን የአስትሮስ ኮፍያ ያደረገ ሰው። ከጎኔ ደግሞ ከቨርጂኒያ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ብቻቸውን። እኔ ኦቾሎኒ ገዛሁ። ኦቾሎኒ ጾም ነው፤ ቤዝቦልም ያለ ኦቾሎኒ አይሆንም። ለሁሉም አዞርኩ፤ ወሬውም በዚያው ተጀመረ።

"ዘንድሮ እንዴት ይመስላችኋል?" አልኩ።

ሴትዮዋ እርግጠኛ ነበረች። ዉድ አለ። ሲጄ ኤብራምስ አለ፣ ባለፈው ዓመት ኦል ስታር፣ ማለትም ከሊጉ ምርጦች አንዱ፣ ሆኗል። ወርዋሪው ማክኬንዚ ጎር አለ። ሦስቱም የሶቶ ምትክ ናቸው። በ2023 የታዳጊዎች ምርጫ (ድራፍት) በሁለተኛነት የተመረጠው ዲለን ክሩስ አለ። ሃርሊን ሱሳና የሚባለው ልጅ ኳሱን ከ100 ማይል በላይ ይወረውራል። "በሩ ሊከፈት ነው" አለች።

የአስትሮሱ ሰው ከኋላ ደገፋት። የሱ ቡድን በ2011 106፣ በ2012 107፣ በ2013 111 ጊዜ ተሸንፎ በ2017 ዋንጫ አነሳ። "ያኔ ባዶ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ ነበር የማየው፤ ታገሱ" አለን።

የአርሊንግተኑ ልጅ ዞር አለ። "እናንተ ልጆቹ ሲደርሱ ገንዘብ አወጣችሁ" አለው። "በ2017 ነሐሴ መጨረሻ ቨርላንደርን የሚያህል ወርዋሪ አመጣችሁ። የኛዎቹስ ምን አመጡ?"

ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው ያለው። ለ2025 ውድድር ወደኛ የመጡት የአጭር ጊዜ ሰዎች ናቸው። ናትናኤል ሎው ከቴክሳስ መጣ። ጆሽ ቤል ተመለሰ፤ በ2022 ከሶቶ ጋር አብሮ የተሸጠው ቤል። ጥሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ቤት የሚሠራባቸው ግን አይደሉም። ልጁ አንድ ነገር አስታወሰን። በ2010 ቡድኑ 93 ጊዜ ተሸንፎ ሳለ፣ ባለቤቶቹ ለጄይሰን ዋርዝ የሰባት ዓመት፣ 126 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡ። ሰው ሁሉ "አበዱ" አለ። በ2012 ግን 98 ጊዜ አሸነፉ። በ2015 ሸርዘርን በ210 ሚሊዮን አመጡ። "እነዚያው ባለቤቶች እኮ ናቸው። ይችሉበታል። አሁን ምን ያዛቸው?"

"ስትራስበርግ" አለች ሴትዮዋ እርሳሷን አስቀምጣ። ከዋንጫው በኋላ ለዚህ ወርዋሪ 245 ሚሊዮን ፈርመውለት፣ በጉዳት ምክንያት ስምንት ጨዋታ ብቻ ወርውሮ ቀረ። "እሳት ያቃጠለው ሰው ይፈራል።"

ሁለቱንም ሰማሁ። ልቤ ግን ከልጁ ጋር ነበር። መልሶ ግንባታን አልቃወምም። ዉድን አይቶ የሚቃወም ያለ አይመስለኝም። ግን ትዕግሥት የሚጠየቀው ደጋፊው ብቻ ሲሆን ያመኛል። ትኬቱ አልቀነሰም። የልጄ ዕድሜ አልቆመም። ለቡድን አምስት ዓመት አንድ ምዕራፍ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዓመቱ ለሚደግፍ ልጅ ግን ልጅነቱ በሙሉ ነው።

ይሄን ስል ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። እስከዚያ ዝም ብለው ነበር።

"እኔ 12 ዓመቴ ነበር" አሉ። ጊዜው መስከረም 30 ቀን 1971 ነው። የዋሽንግተን ሴናተርስ የመጨረሻ ጨዋታ። አባታቸው ይዘዋቸው ሄደው ነበር። ቡድኑ ኒው ዮርክ ያንኪስን 7 ለ 5 እየመራ፣ ሊያልቅ አንድ መቺ ማስወጣት ብቻ ሲቀር፣ ሕዝቡ ሜዳ ውስጥ ገባ። ሣሩን ነቀለ፤ የሜዳውን ዕቃ እያነሳ ሄደ። ጨዋታው ለያንኪስ ተሰጠ። ቡድኑም ወደ ቴክሳስ ሄዶ ሬንጀርስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን እስከ 2005 ድረስ ቡድን አልነበራትም። "33 ዓመት ያለ ቡድን ኖሬያለሁ። ስለዚህ መጠበቅ እችላለሁ። ግን 66 ዓመቴ ነው" አሉ።

ማንም አልተናገረም። እኔ የማውቀውን አልኩ፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይባላል አገራችን። ልጄ ተረጎመላቸው። ሽማግሌው አሰቡና፣ "ጥሩ ነው" አሉ። "ግን የሚታቀፈው ካላገኘ እንቁላል ይበሰብሳል። የታቀፈችው ዶሮ የታለች?" የአርሊንግተኑ ልጅ ጉልበቱን በእጁ መታ። ሴትዮዋ ሳቀችና አንገቷን ነቀነቀች። ስለጨዋታው ውጤት ያወራ ሰው የለም። እኔም ረስቼዋለሁ። ሲያልቅ ከሽማግሌው ጋር ስልክ ተለዋወጥን።

ስንወጣ ሱቁ ውስጥ ልጄን "ምረጥ፣ የጉዞው ስጦታ ነው" አልኩት። የዉድ 29 ቁጥር አለ። የክሩስ 3። የጎርን 1 ቁጥር አነሳ፤ ገለባበጠው፤ ደረቱ ላይ አድርጎ በመስታወት አየው። ከዚያ ሰቀለው።

"ስም የሌለው ይሻለኛል አባዬ።"

ኮፍያ ገዛ። ሒሳቡን ስከፍል አንጀቴን በላኝ። ይሄ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ሳይሞላ የሶቶን ስም ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይተኛ ነበር።

እሁድ በመመለሻችን ፖርት ሴንት ሉሲ ጎራ አልን፤ በሰሜን በኩል 45 ደቂቃ ያህል ነው። የኒው ዮርክ ሜትስ መለማመጃ ነው፤ ሶቶም አሁን እዚያ ነው። ታኅሣሥ 2024 ላይ የ15 ዓመት፣ 765 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። ያው 22 ቁጥር፣ በሌላ ማሊያ። ሜዳ ሲገባ ሰው ሁሉ ጮኸ። ልጄ አዲሱን ኮፍያ ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያየው። ሶቶ ኳሷን ሳይመታ አሳልፎ ያቺን የታወቀች የእግር እንቅስቃሴውን ሲያደርግ፣ ልጄ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ይስቃል። "አልተለወጠም" አለኝ። ሁለት ኢኒንግ፣ ማለትም ከጨዋታው ሁለት ዙር፣ አይተን ወጣን።

ይሄን የምጽፈው ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ዉድና ጎር በ2025 ሁለቱም ኦል ስታር ሆኑ፤ ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። ቡድኑ ግን 96 ጊዜ ተሸነፈ። ሐምሌ 6 ቀን፣ ከዋንጫው በፊት ጀምሮ የነበሩት አሰልጣኝ ዴቭ ማርቲኔዝና ጄኔራል ማናጀር ማይክ ሪዞ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። አዲስ አመራር መጣ። ጥር 2026 ላይ ደግሞ ጎር ተሸጠ። በምትኩ አምስት ወጣቶች መጡ። የሄደው ወደ ቴክሳስ ሬንጀርስ ነው።

ያን ምሽት ከሽማግሌው መልእክት ደረሰኝ። "እንደገና ቴክሳስ" ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ "መጋቢት ላይ እዚያው ቦታ እቀመጣለሁ።"

ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት። አነበበው። ቆይቶ መለሰልኝና ወደ ክፍሉ እየሄደ፣

"አባዬ፣ ዘንድሮ ትርፍ ጎማውን ነፋስ አስሞላው" አለኝ።