የፊዚክስ ማስታወሻዬ፣ ስድስተኛ ሳምንት፦ ክንዴን ሳነሳ ግፊቴ ወረደ

እዚህ ደብረ ማርቆስ ለባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪዎች የሚሆነውን መግቢያ ፊዚክስ ማንበብ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። እንቅስቃሴና ኃይል ላይ ብዙም የምለው የለኝም። ሸመደድኩ፣ ጥያቄ ሠራሁ፣ አለፍኩ። የፈሳሽ ግፊት ላይ ስደርስ ግን ከልቤ ያዘኝ።

ሕጉ ቀላል ነው። የፈሳሹን ዴንሲቲ (እፍጋት)፣ የመሬት ስበትንና ከፍታውን አባዙ፤ የግፊቱን ልዩነት ታገኛላችሁ። ደም ላይ ልሞክረው አልኩ። ቅዳሜ ጓደኛዬ የግፊት መለኪያዋን ይዛ መጣች። መጀመሪያ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ በልቤ ትክክል አሳረፍኩ። የላይኛው ንባብ 118 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ። ከዚያ ክንዴ ላይ የተጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ ከልቤ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ክንዴን አንስቼ ግድግዳ ላይ አስደገፍኩት።

እሷ ሳትለካ በፊት እኔ ወረቀት ላይ አሰላሁ። መጀመሪያ ልዩነቱ ከ2,300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ መጣልኝ። ለካ ሴንቲ ሜትሩን ወደ ሜትር አልቀየርኩትም። አስተካክዬ ስሠራው የደም ዴንሲቲ 1,060 በስበት 9.8 በከፍታ 0.3፣ ወደ 3,116 ፓስካል ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ 133 ፓስካል ስለሆነ ልዩነቱ 23 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 95 ጠበቅኩ። ጓደኛዬ ኳሷን ጨምቃ ነፋች፣ ቀስ እያለች አስተነፈሰች፣ አዳመጠች። «96» አለች። እጄ ላይ ያለው ደም ሕጉን ሲታዘዝ በጆሮዬ ሰማሁ ማለት ነው!

ነገሩ ከጥያቄ መሥራት ያለፈ ነው። ክንድ ከልብ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ንባቡ ወደ 8 ከፍ ይላል። ግፊት የሌለበት ሰው ግፊት አለብህ ሊባል ይችላል። አክስቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። ከእንግዲህ ስትለካ መጀመሪያ የማየው ክንዷ የት እንዳረፈ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁለት ቀን አስጨንቆኝ ነበር። ማርቆስ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ባሕር ወለል ላይ 760 የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 570 ይወርዳል። ታዲያ መለኪያው እዚህ አሳንሶ ያነባል? አያነብም። 118 ማለት ከአካባቢው አየር በላይ 118 ማለት ነው። አየሩ ሰውነታችንንም መለኪያውንም እኩል ይጫናል።

ከዚያ ፈሳሽ በቱቦ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈስ የሚናገረው የፑዋዜይ ሕግ መጣ። ፑዋዜይ ራሱ ሐኪም ነበር፤ የደም ዝውውርን ለመረዳት ብሎ በቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች ውሃ እያሳለፈ ነው ሕጉን ያገኘው። የቱቦው ሬዲየስ በግማሽ ሲቀንስ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ፍሰቱ ወደ 1/16ኛ ይወርዳል። ወልዳ ደም ለሚፈሳት እናት ለምን ወፍራምና አጭር ካኑላ (ፈሳሽ ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቱቦ) እንደሚመረጥ አሁን ገባኝ።

የበርኑሊ ሕግ ግን ገና አልገባኝም። ቱቦው ሲጠብ ፈሳሹ ይፈጥናል፤ እሺ። ግፊቱ ለምን እንደሚቀንስ ነው ያቃተኝ። የገባችሁ ካላችሁ በውሃ ጎማም ቢሆን አሳዩኝ።