ሊብሬው 1914 ይላል፣ የፊት ጎማው ግን አልገባም

የምሠራው አሮጌ መኪና የሚታደስበት ጋራዥ ውስጥ ነው። አንድ ደንበኛ ከአባቱ የወረሰውን ፎርድ ሞዴል ቲ አመጣልን። ጣሪያው ክፍት፣ ራዲያተሩ ናስ፣ ያየው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያነሳው ዓይነት። ሊብሬው ላይ የተመረተበት ዓመት 1914 ይላል (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሰውየው ሁለት ነገር ፈለገ፤ አራቱም ጎማ እንዲቀየርለትና መኪናው 1914 መሆኑን አይተን የፈረምንበት ወረቀት። ከ1919 በፊት የተሠሩ መኪኖች ብቻ የሚሳተፉበት ጉዞ ላይ ሊመዘገብ ነው። ይቺ መስመር ቀልድ አይደለችም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ራሱ ምድብ የሚለየው እዚያ ላይ ነው፤ ከ1905 እስከ 1918 አንድ ምድብ፣ ከ1919 እስከ 1930 ሌላ።

ዕቃ የሚያዝልን ልጅ ሊብሬውን አየ፣ ካታሎግ ገለጠ፣ አዘዘ። የ1914 ሞዴል ቲ የፊት ጎማው 30 በ3 ነው፣ የኋላው 30 በ3½። ቁጥሮቹ በኢንች ናቸው፤ የመጀመሪያው የጎማው ጠቅላላ ቁመት፣ ሁለተኛው ውፍረቱ። ዕቃው መጣ። የኋላዎቹ ልክክ አሉ። የፊቶቹ ቸርኬው ላይ ይወዛወዛሉ። ልጁ ሻጩ ጋ ደውሎ "ምንድን ነው የላካችሁልን?" ብሎ ጮኸበት፣ ሻጩም አልተኛለትም፣ ጋራዡ በስልክ ጭቅጭቅ ተሞላ።

ዋና መካኒካችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሌላ መኪና ሥር ወጡና "ዝጋው ስልኩን" አሉት። ከዚያ በተቀደደ ካርቶን ላይ ሂሳብ ሠሩ። ከ30 ላይ ሁለት ጊዜ 3 ሲቀነስ 24 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ 3½ ሲቀነስ 23። ጎማው የሚቀመጥበት ቸርኬ ቁመቱ ይኸው ነው። ሜትር አውጥተው አራቱንም ለኩ። አራቱም 23።

"ጎማው የተጻፈበትን ነው" አሉ። "የተጻፈበትን ያልሆነው መኪናው ነው።"

ፎርድ አራቱን ጎማ አንድ ልክ ያደረገው ተፈትቶ የሚወልቅ ቸርኬ ሲያመጣ፣ ከ1919 ጀምሮ ነው። ልጁ ወዲያው "እንግዲያው መኪናው የ1919 ነዋ!" አለ። ጋሼ ሳቁ። ቸርኬ ይቀየራላ። ሞዴል ቲ ላይ ትልቁ ችግር ደግሞ ይሄ ነው። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፣ መሠረታዊ ንድፉ ብዙም አልተለወጠም፣ የአንዱ ዕቃ ሌላው ላይ ይገጥማል፤ ስለዚህ አንዱ ሲበላሽ ከሌላው እየተፈታ ሲገጠምለት የኖረ መኪና ነው፣ አሥር ዓመት የሚራራቁ ዕቃዎች አንድ ሻንሲ ላይ ተስማምተው ሲሄዱ ብታይ አይግረምህ።

ጋሼ ለሰውየው ደወሉለት። መጣ። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ሥራ ላይ ካየሁት ሁሉ የተሻለው ነበር።

ከመብራቱ ጀመሩ። የ1914 ሞዴል ቲ የፊት መብራት በካርባይድ ጋዝ ነው የሚሠራው፤ ክብሪት ለኩሰህ ታበራዋለህ። የዚህ መኪና መብራት ኤሌክትሪክ ነው። ሰውየው "አባቴ አስቀይሮት ይሆናል" አለ። ይሆናል፣ ማንም አልተከራከረውም። ቀጥሎ ከኮፈኑ ኋላ ያለው ቦታ ነበር። በ1914 እዚያ ቀጥ ብሎ የቆመ የእንጨት ግድግዳ ፊት ለፊት ይታያል። ከ1915 ወዲህ ግን የቦዲው ብረት ጎበጥ ብሎ መጥቶ ከኮፈኑ ጋር ይያያዛል። የኛው የጎበጠ ነው። ይሄ እንደ መብራት ፈትተህ የምትቀይረው ነገር አይደለም፣ ቦዲው ራሱ ነው። ሰውየው ዝም አለ።

"ራዲያተሩስ? ናስ አይደለም እንዴ?"

"ናስ ነው። ግን እስከ 1916 ሞዴል ድረስ ናስ ነበር። በ1917 ነው ጥቁር ቀለም የተቀባ ሽፋን የመጣው፣ የፊት ፓራፋንጎውም ያኔ ነው የጎበጠው። የእርስዎ የፊት ፓራፋንጎ ጠፍጣፋ ነው።"

ስለዚህ ቦዲው 1915 ወይም 1916 ነው ማለት ነው። እነዚህ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም ማለት ይቻላል። ጋሼ ከመሳቢያ ማግኔት አውጥተው ለልጁ ሰጡት፤ "ኮፈኑ ላይ አስቀምጠው።" ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ያዘ። 1915 ላይ ኮፈኑ አሉሚኒየም ነበር፣ ለ1916 ሞዴል ወደ ብረት ተለወጠ። (ሞዴልና የተመረተበት ዓመት ደግሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሞዴል ቲ ራሱ በ1908 መጨረሻ ለገበያ ወጥቶ የ1909 ሞዴል ነው የሚባለው። ሊብሬ ላይ የሚጻፈው የትኛው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።)

በመንገዳችን አንድ ነገር አየን። ከመሪው በኩል ያለው የፊት በር በር አይደለም። የበር ቅርጽ ብረቱ ላይ ታትሞበታል እንጂ አይከፈትም። አሜሪካ የተሠሩት ክፍት ሞዴል ቲዎች እስከ 1925 ድረስ እንዲህ ነበሩ፤ ካናዳ የተሠሩት ግን ይከፈታል። ለዓመቱ ብዙም አልረዳን፣ የት እንደተሠራ ግን ነገረን። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ በሩ ተበላሽቶ እንደማይከፈት ነበር የሚያውቀው።

ከዚያ ሞተሩ። ቁጥሩ ብሎኩ ላይ በግራ በኩል፣ ውሃ ከሚገባበት በላይ ነው የሚገኘው። ልጁ ቅባቱን ጠረገና አነበበ፤ 10 ሚሊዮንን በጥቂት አሥር ሺዎች ያለፈ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ሁላችንም ቀና አልን። የፎርድ ቁጥር በተከታታይ ነው የሚሄደው፣ 10 ሚሊዮን የደረሰው ጁን 1924 ነው። ብሎኩ ሲቀለጥ የተቀረጸበት ቀንም ተገኘ፤ "6 12 24" ይላል። ልጁ "ዲሴምበር 6!" አለ። ጋሼ ግን አሜሪካኖች ወሩን እንደሚያስቀድሙ ነገሩት፤ ጁን 12 ነው። ልጁ ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀበል አይደለም፣ "በምን ይታወቃል?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ቁጥሩ ላይ አለ። ዓመቱ ሲያልቅ የሞተር ቁጥር ወደ 11 ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር፤ ዲሴምበር ላይ የተቀለጠ ብሎክ 10 ሚሊዮን ላይ ሊቀር አይችልም። ቀኑና ቁጥሩ ጁን ላይ ይገናኛሉ።

ሻንሲውን አየነው፣ ምንም የለበትም። ፎርድ ሻንሲ ላይም ቁጥር መምታት የጀመረው በ1926 ሞዴል ነው። ከዚያ በፊት የመኪናው ቁጥር ማለት የሞተሩ ቁጥር ነው፤ ሞተሩ ከወጣ የመኪናው መታወቂያም አብሮ ይወጣል።

ታዲያ 1914 ከየት መጣ? ሰውየው አባቱ እንደዚያ ሲሉ ነው ያደገው። ጋሼ እንዲህ ያለ ዓመት አንዳንዴ ከፓተንት (የፈጠራ መብት) ቀን ይወለዳል አሉ። መብራት ወይም ሌላ ዕቃ ላይ ቀን ታትሞ ያየ ሰው የመኪናው ልደት ይመስለዋል። የፓተንት ቀን የሚነግርህ ዕቃው ከዚያ ቀን በፊት አለመሠራቱን ብቻ ነው። በኋላ የተሠራው መቼ ነው ብትለው መልስ የለውም።

ወረቀቱ ተጻፈ። ቦዲ፣ የ1916 ሞዴል፣ ምክንያቱ ይህ ይህ። ሞተር፣ ጁን 1924። ቸርኬ፣ ከ1919 ወዲህ። ሰውየው አነበበውና ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ ልክ ነው፣ ማንም የሚለውን ነው ያለው፤ "ጋሼ፣ 1916 ብቻ ይጻፉልኝ። ያም ከ1919 በፊት ነው። ውሸት አይሆንም።"

እኔ ብሆን እጄ ይላላ ነበር፣ አልዋሽም። ቦዲው እኮ በእርግጥ 1916 ነው፣ ጉዞውም ውድድር አይደለም፣ ማን ይጎዳል? ጋሼ ግን "የቦዲውን ጽፌልዎታለሁ፣ እዩት" ብለው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ሞተሩን ዝም ብዬ ባልፈው ነገ መኪናውን የሚገዛ ሰው የ1916 የሞተር ዕቃ አዝዞ እንደዚህ ልጅ ሻጩን ይሳደባል አሉት። ሰውየው ከሁላችንም አስቀድሞ የሳቀው እዚህ ላይ ነው፣ ልጁ ግን አልሳቀም።

የ1916 ሞተር ፈልገን እንድንገጥምለትም ጠየቀ። ይቻላል፣ ይገኛል። ግን ወረቀቱ ያኔም "ሞተር ተቀይሯል" ነው የሚለው አሉት ጋሼ፣ በዚያ ላይ ያለው ሞተር ጤነኛ ነው፣ ምን አጠፋ? ሁለት ቀን አሰበበት። በመጨረሻ ሞተሩን ሳይነካ ከ1919 እስከ 1930 ባለው ምድብ ሌላ ጉዞ ላይ ተመዘገበ። ወረቀቱን እንዳለ ነው ያስገባው፣ ማንም ጥያቄ አላነሳበትም።

የመቀበያ ፎርማችን ግን ተለወጠ። "የተመረተበት ዓመት" የሚለው አንድ መስመር ነበር፤ አሁን አራት ሆኗል፤ ቦዲ፣ ሞተር፣ ቸርኬ፣ ሊብሬው የሚለው። ጸሐፊያችን እስካሁን ታማርራለች። ደንበኛ ስልክ ደውሎ "መኪናዬ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?" ሲላት "የትኛው?" ብላ መመለስ አለባት፣ እሱ ደግሞ "እኔ ያለኝ አንድ መኪና ነው" ብሎ ይቆጣታል።