የደቻቱ አሸዋ

ድሬዳዋን ለማያውቅ ሰው ደቻቱን ወንዝ ብሎ ማስረዳት ያስቸግራል። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ሰፊ መውረጃ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም ሸራ ወጥሮ ዕቃውን ይዘረጋበታል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለውና በሺዎች የሚቆጠሩትን ያፈናቀለው ጎርፍ የመጣው በዚሁ አሸዋ ነው።

ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ፣ ዛፉ ተመንጥሮ ከተራቆተው ተዳፋት ላይ ወደ መሬት ሳይሰርግ፣ አፈርና ድንጋይ እያግበሰበሰ ቁልቁል ወርዶ ሕዝቡ በተኛበት ደረሰ። ቀን ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰው በሸሸ ነበር።

በወንዙ ዳር የምትኖረው አክስቴ ልጆቿን ይዛ ተርፋለች፤ ቤቷ ውስጥ የነበረው ወረቀት ግን አንድም አልቀረላትም። ቦታው የእሷ መሆኑን ለማስረዳት ለዓመታት ቢሮ ለቢሮ ተመላልሳለች፤ «ማስረጃሽን አምጪ» በተባለች ቁጥር «ውሃ ወሰደው» ብላ ትመልስ ነበር። ስለ ጎርፉ ጉዳት ሲነገር የሟችና የፈረሰ ቤት ቁጥር ይጠቀሳል፤ እንዲህ ያለውን መንከራተት የቆጠረው ሰው ግን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ግራና ቀኝ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ለተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በሌላ አካባቢ ቤት ተገንብቷል። ግንቡ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና በከተማዋ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ግንብ የሚያገለግለው ውሃው ከደጋው ከወረደ በኋላ ስለሆነ፣ ደጋው ላይ እርከን ሳይሠራና የተራቆተው ተዳፋት ሳይለብስ፣ በላይ ያለው ገበሬም ዝናቡ ሲከብድ በታች ላለው የሚያስጠነቅቅበት አስተማማኝ መንገድ ሳይኖረው፣ ከተማዋ ተረጋግታ ትተኛለች ብዬ አላስብም።

አክስቴ ዛሬም በደጋው ወዳለው ደንገጎ በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሥራዋን ትታ በሩ ላይ ትቆማለች። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ጥቅል ተንጠልጥሏል፤ በስንት ልፋት ያወጣችው የቤቱ ካርታና የልጆቿ የትምህርት ማስረጃ አሉበት። ባለፈው ክረምት ልጠይቃት ስሄድ የልጅ ልጇን የልደት ወረቀት ጨምራበት ቋጠሮውን እንደገና ስታጠብቅ ደረስኩ።