16 ኪሎ ሽሮ ያበላሸሁበት ክረምት

ሽሮ ከእናት ቤት በማዳበሪያ ታስሮ የሚመጣ ነገር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ መጣ። ሥራ ስይዝ መጣ። ሳገባ በእጥፍ መጣ። ቢቸና ያለችው እናቴን ጉልበቷን ሲያማት ነው "እንግዲህ ራስሽን ቻይ" የተባልኩት። ያኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከቢሮ የምወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። እራት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ካልቀረበ ትንሹ ልጄ ሶፋ ላይ ይተኛብኛል።

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው። ስለ ሽሮ የሚያስተምር ሰው ሞልቷል። ስለ ምጥኑ ሁሉም ይከራከራል። ከወፍጮ ቤት ከወጣ በኋላ ስላለችው አንዲት ሌሊት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

መጀመሪያ ስለ እራታችን ላውራ። እኔ ቤት ዋናው ማብሰል በሳምንት አንዴ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ያለ ዘይት በዝግታ አበስለዋለሁ። ውኃው ሲመጥ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ፣ ከዚያ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ማቁላላት ነው። ቁሌቱን በሦስት ዕቃ ከፍዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ሰኞ ምስር ይገባበታል፣ ማክሰኞ ድንች፣ ሐሙስ እንቁላል ወይም የተረፈ እንጀራ ይፈረፈርበታል። ሲደክመኝ ጎመን በድንች አልጫ አድርጌ እገላገላለሁ። ቅቤ ቁሌቱ ውስጥ አላስገባም። የፍስክ ቀን መጨረሻ ላይ ጣል ይደረግበታል። አለበለዚያ አንዱ ዕቃ ለረቡዕ ቢተርፍ ምን ሊሆን ነው?

ስለ ክክ ወጥም አንድ ነገር ልበል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 አካባቢ ነው። ቆላ ያለችው እህቴ "ክክ እኮ ቶሎ ይበስላል" ትለኝ ነበር። እኔ ዘንድ አይበስልም። በዋዜማው ካልዘፈዘፋችሁት የሥራ ቀን እራት አይሆንም፣ አትድከሙ።

ረቡዕና ዓርብ ግን ቤቴን የሚያቆመው ሽሮ ነው። የጾሙን ወራት ጨምሩበት። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ሽሮ ከሌለ እኔ ቤት እራት የለም።

እናም ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ተነሣሁ።

እህል ስትገዙ ክክ አትግዙ፣ ድፍኑን ግዙ። ክኩ ጊዜ ይቆጥባል የሚሏችሁን አትስሙ። ድፍን አተር ክብ ነው። ሽምብራ አፍንጫ አለው። ጓያ እንደ መጥረቢያ ማዕዘን ያወጣ ነው። ከተከካና ከተቀላቀለ በኋላ ግን ለዓይን ያስቸግራል። ጓያን ለወራት በብዛት የበላ ሰው እግሩ ሊያዝ እንደሚችል የምታውቁት ነው። አንዱ ነጋዴ "ትንሽ ጣል ቢደረግበት ወጡን ያወፍረዋል" ብሎኛል። አመስግኜ አለፍኩት።

15 ኪሎ አተርና 5 ኪሎ ሽምብራ ገዛሁ። በርበሬው የቡሬ ነው፣ ሌላ አልገዛም። ለቀምኩ፣ አመስኩ፣ አስከካሁ፣ በሰፌድ አነፈስኩ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ወቅጬ ከክኩ ጋር አሸሁት። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ ገባበት። ገለባው ሲወጣ የቀነሰው፣ በርበሬውና ቅመሙ ሲገባ መልሶ 20 ኪሎ ያህል ሆነ። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው ከስጡ ላይ ቆንጥረው ቀመሱና "ኮረሪማው አነሰ" አሉ። እሳቸው የማንም ሽሮ ላይ ኮረሪማው አነሰ ነው የሚሉት።

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና መጣ። የመጀመሪያው ጥፋት የኔው ነው፣ በማንም አላላክክም። ክክ መድረቁ የሚታወቀው በጥርስ ነው። ሦስት አራት ፍሬ ከተለያየ ቦታ አንስቼ ነከስኩ። አንዱ ቀጭ አለ። ሌላው ጥርሴ ላይ ተላመጠ። ዝንጅብሉ የነካው ገና እርጥበት ይዞ ነበር። አውቄዋለሁ። ግን ቅዳሜ ነው፣ ከሰኞ ጀምሮ ቢሮ ነኝ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው። "ይበቃዋል" አልኩ። በማዳበሪያ አስሬ ባጃጅ ጠራሁ።

ወፍጮ ቤት ሁለት ጊዜ መብራት ሄደብን። ተራዬ ሲደርስ ባለ ወፍጮው እጁን ከተተና "እትዬ፣ ይሄ እኮ አልደረቀም፣ ድንጋዩ ላይ ይጣበቃል" አለኝ። ልክ ነበር። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። "አንተ ፍጭ ብቻ" አልኩት። ፈጨው። ወፍጮው እያቃሰተ፣ እየቆመ፣ እየተነሣ ፈጨው። የወጣው ዱቄት እጅ አያስከትትም፣ ይፋጃል። ሽታው ግን! ባጃጁ ውስጥ ሹፌሩ ሳይቀር "ዛሬ እናንተ ቤት ነው እራት" አለኝ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለሴት ሠራተኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። ስለ ቤት ውስጥ ምግብ አያያዝ ነው። አሠልጣኙ ፕሮጀክተር ይዞ የመጣ ባለሙያ ነው፤ ከየት መሥሪያ ቤት እንደሆነ ይቅር። ነቀዝ ስለሚያደርሰው ጉዳት ረጅም ሰዓት ወሰደ። ከዚያ "ዱቄት እንደተፈጨ ወዲያውኑ አየር በማያስገባ ዕቃ መታሸግ አለበት" አለ። እኔ ጎበዝ ተማሪ ነኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። "ወዲያውኑ" የምትለዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት።

ስለዚህ ቤት እንደደረስኩ ለዚሁ ብዬ የገዛሁትን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አወጣሁ። ትኩሱን ሽሮ ገለበጥኩበት። አየር እንዳይቀር በጡጫዬ ጠቀጠቅኩት። አፉ ላይ ፌስታል ዘርግቼ ክዳኑን ገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት ጎኑን ስነካው ገና ለብ ያለ ነበር። ደስ አለኝ። ምኑ እንዳስደሰተኝ እንጃ።

በርሜሉ ስለሞላ 4 ኪሎ ያህል ተርፎ ነበር። ለሱ ዕቃ ስላልነበረኝ ሳፋ ላይ አፍስሼ፣ ነጠላ ጣል አድርጌበት አደረ። ጠዋት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩት። ግንቦትን፣ ሰኔን፣ ሐምሌን የበላነው እሱን ነው። ምንም አልሆነም። እንደውም ከእናቴ ይበልጣል እያልኩ ስፎክር ነው የከረምኩት።

ነሐሴ 1፣ የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት፣ የባለቤቴ አጎት ከሞጣ መጡ። ጉዳይ ነበራቸው። ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተጉዘው፣ እህል ሳይቀምሱ ነው የደረሱት። መብራት የለም። እኔን ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል፣ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። ቆርቆሮው ስላለቀ በሻማ በርሜሉን ከፈትኩ። ጭልፋው አልገባ አለኝ። ስገፋው በጓል በጓሉ ተነሣ። ስለጠቀጠቅኩት ነው ብዬ በማንኪያ ጀርባ ፈረካክሼ ጨመርኩት።

በምድጃ ሠራሁት። ነጭ ሽንኩርት በዛ አድርጌ፣ ቃሪያ ሰንጥቄ፣ እስኪንተከተክ ድረስ። በሸክላ ድስቱ እንደፈላ አቀረብኩ። አጎታችን ባርከው አንድ ጉርሻ ወሰዱ። አላመጡ። ማላመጡን አቆሙ። እንደገና አላመጡ። ዋጡ። ከዚያ ከሽሮው ራቅ ካለው ዳር እንጀራ ቆረስ አድርገው በቃሪያ መብላት ጀመሩ።

"ምነው አያ፣ ጨው በዛበት?" አልኳቸው።

"የለም ልጄ፣ ጠግቤ ነው የመጣሁ። እንጀራሽ ግን ግሩም ነው።"

ከሞጣ እስከ ማርቆስ የተጠገበው ምን ተበልቶ ነው? ትልቁ ልጄ ግን ይሉኝታ አያውቅም። "እማዬ፣ ሽሮው እርጥብ ካልሲ ይሸታል" አለ። አባቱ በክርኑ ጎሸመው። ሻማው ባይሆን ኖሮ ፊቴን ያዩት ነበር።

ጠዋት በርሜሉን ወደ ደጅ ጎትቼ በብርሃን አየሁት። ፌስታሉ ከውስጥ በኩል ውኃ አቁሯል። ላዩ ላይ አመድማ አረንጓዴ ሻጋታ፣ እንደ ጥጥ ጸጉር ያወጣ። ከሱ በታች እንደ ጭቃ የጋገረ። እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገባሁ። መሃሉም እንደዚያው ነው።

የገረመኝ ምን መሰላችሁ? ምክንያቱን ዕድሜ ልኬን አውቀው ነበር። ትኩስ እንጀራ በትኩስ እንጀራ ላይ ደርባ ሞሰብ የምትከድን ሴት አለች? የለችም። ያልበዋል፣ ይጣበቃል፣ በማግስቱ ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ቀዝቀዝ ሳይል አይነሣም። ዱቄትም ያው ነው። ትኩስ ሆኖ ሲታሸግ ያለው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፣ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ይንጠባጠባል። የኔው ደግሞ ከመጀመሪያውም አልደረቀም። ሳፋ ላይ ያደረው 4 ኪሎ ከዚያው ወፍጮ፣ ከዚያው ክክ ነው። እሱን ያዳነው ዕቃ ማጣቴ ነው።

ሁለት ቀን ለመጣል አልቻልኩም። እትዬ "ላዩን አንሺው፣ የቀረውን ፀሐይ አስመቺና መልሰሽ አምሺው" አሉኝ። በነሐሴ ፀሐይ! ሌላዋ "ለዶሮ ስጪው" አለችኝ። እዚህ ላይ ሳልወድ ለባለሙያዎቹ እፈርድላቸዋለሁ። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ ፀሐይ ቢመታው፣ ቢታመስ፣ ቢፈላም አይጠፋም። ላዩን ማንሣት ዋጋ የለውም። ዶሮንም ይጎዳል። ባለቤቴ ጓሮ ጉድጓድ ቆፈረ። 16 ኪሎ ሽሮ ቀበርን። የአንድ ወር ጉልበቴ ነው እዚያ ያለው።

አሠልጣኙን መስከረም ላይ አንድ ቢሮ ኮሪደር ውስጥ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ፈገግ አለ። "ቀዝቅዞ እንደሚታሸግማ የታወቀ ነው" አለኝ።

"ለማን ነው የታወቀው?" አልኩት። ማስታወሻ ደብተሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ አውጥቼ አሳየሁት። "በቀጣዩ ዙር እናካትተዋለን" ብሎ ሄደ። አንዲት ቃል እኮ ናት! ለነቀዝ ያን ሁሉ ሰዓት የሰጠ ሰው ለ"ይቀዝቅዝ" አንድ ደቂቃ አጣ። በእርግጥ ባለ ወፍጮው በነጻ ነግሮኝ አልሰማሁትም። ፕሮጀክተር የያዘውን ነው የሰማሁት። ይሄ እስካሁን ያበሳጨኛል።

አሁን ሽሮዬን የማዘጋጀው በጥር ነው። አዲሱ አተር የገባበት፣ ፀሐዩ ደረቅ የሆነበት ጊዜ ነው። ዝናብ ከደጅ ቆሞ አያጣድፈኝም። አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ማታ ማታ ይገባል፣ ጤዛ አይነካውም። አሥር ፍሬ ከአሥር ቦታ እነክሳለሁ። አንዷ ከተላመጠች ወፍጮ ቤት አልሄድም፣ ቅዳሜም ሆነ እሁድ። ወፍጮው ላይ መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ጣሳ ያህል ለብቻው እቀበላለሁ። ከኔ በፊት የሌላ ሰው በቆሎ ተፈጭቶ ከሆነ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ቤት ስደርስ ንጹሕ አንሶላ ሳሎን ውስጥ ይነጠፋል። ሽሮው የጣት ውፍረት ያህል ሳስቶ ይዘረጋል። ከመተኛቴ በፊት ሁለት ጊዜ በእጄ አገላብጠዋለሁ። ልጆቹ በዳር በዳር ነው የሚሄዱት። ጠዋት መዳፌን እስከ ታች ሰድጄ ወለሉን የመሰለ ቅዝቃዜ ካላገኘሁ አላነሣውም። በርሜሉን ውኃ ማጠራቀሚያ አድርጌዋለሁ። ሽሮው በአራት በአራት ኪሎ ዕቃ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ብዙ ክዳን መግዛት ያስወጣል ይሉኛል። ጉድጓድ ማስቆፈርም ያስወጣል።

ዘንድሮ በሁዳዴ አጎታችን እንደገና መጡ። መብራት ነበረ። ሽሮው እየተንተከተከ ሲቀርብ ጎንበስ አሉና ድስቱን አሸተቱት። ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ማንም ምንም አላለም። ባርከው ጀመሩ። ትሪው ንጹሕ እስኪሆን በሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቡና እየጠበቁ ግድግዳው ላይ ደገፍ አሉ።

"ጥሩ ነው ልጄ" አሉኝ። "ኮረሪማው ግን አነስ ብሏል።"